ክሊፕ የማይዘው አኑሪዝም፦ ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ

ሰንበሌጥ
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ቸገረኝ።

ታላቅ ወንድሜ 51 ዓመቱ ነው። ጋሼ ነው የምለው፣ ያሳደገኝም እሱ ነው። የዛሬ ወር ገደማ ስልክ እያወራን ድንገት ንግግሩ ተምታታበት። ድምፁ የራሱ ነው፣ ዜማውም ደህና የሚያወራ ሰው ዜማ ነው፣ ቃሉ ግን ቃል አልነበረም። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቀውና «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ ራሱ ጠየቀኝ። ስትሮክ መስሎን ይዘነው ሮጥን። ኤምአርአይ ሲነሳ አንጎሉ ውስጥ አኑሪዝም፣ የደም ሥር እብጠት ማለት ነው፣ ተገኘ፤ በግራ በኩል፣ ከመካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ቅርንጫፍ በአንዱ ላይ፣ 28 ሚሊሜትር። አልፈነዳም። ውስጡ ግማሹ ደም ረግቶበታል። ወረቀቱ ላይ «ጃያንት፣ ፊዩዚፎርም» ይላል።

ሦስት ሐኪም ዘንድ ሄደን ሦስት መልስ ይዘን ተመለስን። አንደኛው «ክሊፕ አይይዘውም፣ ባይፓስ ሠርተን ደም ሥሩን መዝጋት ነው» አለ። ሁለተኛው «በብሽሽት ገብተን በስቴንት እንሞክር» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ባትነኩት ይሻላል፣ የደም ግፊቱን ተቆጣጥረን በየ6 ወሩ እንየው» አለን። ጋሼ ሦስተኛውን ወዶታል። ማን ይጠላል?

እኔ የማነበው ሁሉ ስለ ተራው ዓይነት ነው። ያልተለመደው ዓይነት ገጥሞት የተሠራለት ወይም ቤተሰቡ የተሠራለት ሰው አለ? «ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል» የሚለውን አይደለም የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ምን ሆነ?

ሰባተኛ ፎቅ
እህቴ፣ ፊልሙን ሳላይ «ይህን አድርጉ» አልልሽም። የኒውሮሰርጀሪ ሬዚደንት ነኝ፣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ልምምድ ላይ፣ አራተኛ ዓመት። ሦስቱ ሐኪሞች ለምን እንደተለያዩ ግን ልነግርሽ እችላለሁ። አንዳቸውም አልዋሹሽም።

ተራው አኑሪዝም ደም ሥር ቅርንጫፍ በሚያወጣበት ማዕዘን ላይ ጎን ለጎን የሚያብጥ ከረጢት ነው። ከረጢት ስለሆነ አንገት አለው። አንገቱን በቲታኒየም ክሊፕ ቆንጥጠሽ ስትይዢው ከረጢቱ ከደም ይለያል፣ ዋናው ቱቦ እንደበፊቱ ደሙን ያስተላልፋል። ፊዩዚፎርም የሚባለው ግን አንገት የለውም። የውኃ ጎማ አርጅቶ አንድ ቦታ ላይ ዙሪያውን ሲነፋ አይተሽ ከሆነ እሱ ነው፤ ያበጠው ራሱ ቱቦው ነው። እዚያ ላይ ክሊፕ ብታደርጊ የሚዘጋው መንገዱ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ የግራ አንጎል፣ የንግግር ሰፈር። ያን ዕለት ቃላቱ የተምታቱበትም ከረጋው ደም ትንሽ ፍርፋሪ ተነሥታ ወደዚያው ሄዳ ይመስለኛል።

ስለዚህ ያለው ምርጫ ወይ ቱቦውን ከውስጥ ማደስ ነው፣ ይኼ ስቴንቱ ነው። ወይ ለማዶው ሌላ የውኃ መስመር ሰጥቶ የታመመውን መዝጋት ነው፣ ይኼ ባይፓሱ ነው። ወይ መተው።

ስለ መተው አንድ ቁጥር ልስጥሽ። ያልፈነዱ አኑሪዝሞችን የተከታተለው ዓለም አቀፍ ጥናት በ2003 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ውጤት፣ በፊተኛው የደም ዝውውር (በአንገት ፊት በሚወጡት ደም ቅዳዎች የሚመገበው) ላይ ያሉ ከ7 ሚሊሜትር በታች የሆኑ፣ ባለቤቶቻቸውም ከዚያ በፊት ደም ፈሷቸው የማያውቅ፣ በ5 ዓመት ውስጥ የመፈንዳት ዕድላቸው 0 በመቶ ነበር። 25 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን 40 በመቶ፣ በኋለኛው ዝውውር (በአንገት በስተጀርባ በሚወጡት የሚመገበው) 50 በመቶ። 25 ሲደርስ ነው «ጃያንት» የሚባለው። እርግጥ ጃያንቶቹ በጥናቱ ውስጥ ከትናንሾቹ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ነበሩ፣ አብዛኞቹም ባለ ከረጢት ናቸው። ቁጥሩን እንደ ሚዛን እንጂ እንደ ፍርድ አትያዢው።

ማስረጃ አምጡ
ዶክተር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ቀዶ ሐኪም ሁልጊዜ መክፈት ነው የሚቀናው። ክሊፕና ኮይልን ያወዳደረው ትልቁ ጥናት እኮ ነገሩን ከ20 ዓመት በፊት ዘግቶታል። በኮይል ከታከሙት በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት 23.7 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 30.6 በመቶ። ጭንቅላት ሳይከፈት በብሽሽት መግባት እያለ ለምን ይከፈታል?

ሰባተኛ ፎቅ
ቁጥሩን በትክክል ጠቅሰኸዋል። የ2002ቱ ጥናት ነው፣ 2,143 ሰዎች። ግን ጥናቱ ውስጥ እነማን እንደገቡ እይ፦ የፈነዳባቸው ሰዎች ናቸው፣ ያውም ቀዶ ሐኪሙም የደም ሥር ሐኪሙም «ሁለቱም ይሆናል» ብለው የተስማሙባቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የፊተኛው ዝውውር፣ አብዛኛውም ትንንሽ። የዚች እህታችን ወንድም አልፈነዳበትም፣ አንገት የለውም፣ 28 ሚሊሜትር ነው። ኮይል ማለት ከረጢት ውስጥ የሚጠቀለል የፕላቲኒየም ሽቦ ነው። እሱ ዘንድ ሽቦው የሚጠቀለልበት ከረጢት የለም። ለዚህ ጉዳይ ያ ጥናት መልስ አይሆንም።

ይልቅ ልከራከርህ የምችለው በስቴንቱ ነው። ደሙን በቱቦው ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ፣ በጥብቅ የተጠለፈ ስቴንት በ2011 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ መሠረት የሆነው ጥናት 108 ሕሙማን ነበሩት። ጥሩ ነበር፣ በ5 ዓመቱ ክትትል የተደረገላቸው አኑሪዝሞች ከ90 በመቶ በላይ ተዘግተው ተገኝተዋል። ግን ያ የተሠራው አንገት ውስጥ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ላይ ነው። ወደ ላይ ወደ ቅርንጫፎቹ ስትሄድ ደም ሥሩ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ከእብጠቱም ላይ ቅርንጫፍ ይነሣል። ስቴንቱ ቅርንጫፉን ከሸፈነው እና ቅርንጫፉ ከተዘጋ ስትሮክ ነው። ደግሞም ደም እንዳይረጋበት አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ ለወራት ይወሰዳል፤ እብጠቱም በአንድ ቀን አይዘጋም። እስኪዘጋ ድረስ ፈንድቶ የሞተ ሰው አለ።

ስቴንት አይሆንም አላልኩም። ሁለተኛው ሐኪም ፊልሙን አይቶ ነው የተናገረው፣ እኔ አላየሁም።

ማስረጃ አምጡ
እሺ፣ የኮይሉን ተውኩት። የቀረውን ግን አልተውኩም፤ ባይፓሱም እኮ ስትሮክ ያመጣል።

ሰባተኛ ፎቅ
ያመጣል።

ቀጭን ክር
ሰንበሌጥ፣ «ከዚያ በኋላ ሰውዬው ምን ሆነ» ብለሻል። ሰውዬው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ልበል።

የእኔ ዓይነቱ ሌላ ነው፣ ግን እሱም ክሊፕ አይወድም። «የደም ውኃ ቋጠሮ» የሚመስል ስለሆነ በዚያው ይጠሩታል። ከመቶ አኑሪዝም አንዱ ቢሆን ነው። ትልቁ ደም ቅዳ ላይ፣ ቅርንጫፍ በሌለበት ቦታ፣ ሁለት ሚሊሜትር የምትሆን ጉብታ። ግድግዳ የላትም ማለት ይቻላል፤ የተቀደደው ቦታ ላይ ስስ ሽፋንና የረጋ ደም ብቻ። የመጀመሪያው አንጂዮግራም (የደም ሥር ፊልም) ላይ እንኳ አልታየችም። ራሴን ከመታኝ (እንደዚያ ያለ ራስ ምታት ሁለተኛ አያምጣብኝ) ከሰባት ቀን በኋላ ሲደግሙት ነው ያገኟት።

ኦፕራሲዮኑን ራሴ አላስታውሰውም፣ ቀዶ ሐኪሜ ኋላ ቁጭ ብሎ ሥሎ አሳየኝ። ክሊፑን ሊያስቀምጥ ሲጠጋ ጉብታዋ ከነሥሯ ተገነጠለች። ይህ እንደሚሆን ገምቶ ስለነበር አስቀድሞ ከክንዴ ደም ሥር አውጥቶ፣ ከአንገቴ በጆሮዬ ፊት አድርጎ ወደ አንጎሌ አሻግሮልኝ ነበር። ስለዚህ ከላይና ከታች ዘጋውና ጨረሰ። አስቀድሞ ባያዘጋጀው ኖሮ ዛሬ አልጽፍልሽም ነበር።

ስድስት ዓመት ሆነኝ። እጄም እግሬም ደህና ነው። ወረቀቴ ላይ «ውጤት፦ በጣም ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል፣ እኔም አልክድም። አሁን የማልነግርሽ ከሆነ ግን ማንም አይነግርሽም፦ ከቀትር በኋላ አንጎሌ ይዘጋል። እንደ ሱቅ ነው፣ መዝጊያው ድርግም። ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ አልችልም። ሽታ ጠፍቶብኝ ሳይመለስ ቀረ፤ የሚያርር ነገር ቀድሞ የሚያውቀው ልጄ ነው። መንገጭላዬ ለሦስት ወር ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ብሎኝ ነበር፤ የራስ ቅሉን ሲከፍቱ የሚያኝከውን ጡንቻ ስለሚቆርጡት ነው። ይኼኛው ይለቃል፣ አትፍሩ።

አንድ ሌላ ነገር። በጆሮዬ ፊት ጣቴን ሳሳርፍ የባይፓሱ ትርታ ይሰማኛል። ጠዋት ጠዋት ሳልነሣ እዳስሰዋለሁ። መነጽሬ እሱ ላይ እንዳይጫን የአንድ ጎን ክንዱን አስወልቄ በክር ነው የማስረው። ወንድምሽ ባይፓስ ከተሠራለት መነጽር፣ ጠባብ ኮፍያ፣ የሚያጠብቅ ማሰሪያ በዚያ በኩል እንዳይጫነው። ይህን የነገረኝ ቀዶ ሐኪሜ አይደለም፣ ጠጋኝዋ ነርስ ነች።

ሰንበሌጥ
እትዬ፣ ዕድሜዎን አላውቅም ግን እትዬ ልበልዎ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ለጋሼም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «መነጽር የለኝም» ብሎ ሳቀ። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

የልቤ ነገር
የእኛ ቤት ሌላ ዓይነት ነው የገባው፣ ለሚያነብ ሰው ይጠቅማልና ልጻፍ። ታናሽ እህቴ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ነበራት። ከቫልቩ ላይ ፍርፋሪ እየተነሣ ወደ አንጎል ሄዶ የደም ሥሩን ግድግዳ በላው። «ማይኮቲክ አኑሪዝም» ይሉታል። ስሙ ፈንገስ ያስመስለዋል፣ ስሙን ያወጣው ዊልያም ኦስለር የሚባል ሐኪም ነው በ1885፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያ ነው።

ሁለት ነበራት፣ ሁለቱም እንደ ተራው ሥሩ ላይ ሳይሆን ሩቅ ጫፍ ላይ። በደም ሥር አንቲባዮቲክ 6 ሳምንት ወሰደች፤ በየሁለት ሳምንቱ አንጂዮግራም። አንዱ እየሟሸሸ ጠፋ፣ ማንም ሳይነካው። ሌላው አደገ፤ ተከፍቶ ከነደም ሥሩ ተቆርጦ ወጣ። ለእኛ ከባዱ ቅደም ተከተሉ ነበር፦ ቫልቩ መቀየር አለበት፣ ቫልቭ ሲቀየር ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል፣ ያንን ደግሞ አንጎሏ ውስጥ ሊፈነዳ የደረሰ ነገር እያለ መስጠት አይቻልም። የልቡና የአንጎሉ ሐኪሞች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እስኪነጋገሩ ድረስ ዘጠኝ ቀን ወረቀት አመላላሽ ሆንኩ። ያን ዘጠኝ ቀን ይቅር የምለው አይመስለኝም።

አሁን ደህና ነች። ቀኝ እጇ ጣቶች ትንሽ ይደነዝዟታል።

ሌሊት ተረኛ
የኒውሮ አይሲዩ (የአንጎል ሕሙማን ጽኑ ሕክምና ክፍል) ነርስ ነኝ፣ 11 ዓመቴ። ቀጭን ክር የጻፉትን ሳነብ «ውጤት፦ በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ቤተሰብ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ላስረዳ።

ሐኪሞች ውጤት የሚጽፉት በራንኪን መለኪያ ነው። ራንኪን የሚባል ሐኪም በ1957 ለስትሮክ ሕሙማን ያወጣው ነው፣ ኋላ ተሻሽሏል። 0 ማለት ምንም ምልክት የለውም። 1 ምልክት አለ፣ ግን የለመደውን ሁሉ ይሠራል። 2 ድሮ ይሠራው የነበረውን ሁሉ አይሠራም፣ ራሱን ግን ያስተዳድራል። 3 እርዳታ ይፈልጋል ግን በራሱ ይራመዳል። እንዲህ እያለ 6 ሞት ነው። አብዛኛው ጥናት «ጥሩ ውጤት» ሲል ከ0 እስከ 2 ያለውን በአንድ ጆንያ ከቶ ነው።

በ0 እና በ2 መካከል ያለው ርቀት ሙሉ ሕይወት ነው። በኛ በኩል ሰውዬው ከአልጋ ወርዶ፣ ስሙን ተናግሮ፣ በራሱ በልቶ፣ «ተመስገን» ተብሎ ይሸኛል። ቤት ሲደርስ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቦ የማይገባው፣ ልጅ ሲያለቅስ ጆሮውን ይዞ የሚሮጥ፣ በትንሹ የሚቆጣ ሰው ይሆናል። ሚስቱ ለቁጥጥር ስታመጣው «ሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ» ያለችኝ አለች። ፋይሉ ላይ 1 ነበር የተጻፈለት።

ስለዚህ ሐኪሙን «ጥሩ ውጤት ስንት በመቶ ነው?» ብለሽ አትጠይቂው። «ወንድሜ ሒሳብ ይሠራል? መኪና ይነዳል? ስልክ ላይ ይጨቃጨቃል?» በይው። መልሱ ወዲያው ይለወጣል።

ጋሼ ያልፈነዳበት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። የፈነዳባቸው ከኦፕራሲዮኑ በኋላም አያልቅላቸውም፤ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን የአንጎል ደም ሥሮች የሚኮማተሩበት ጊዜ አለ፣ ኒሞዲፒን 60 ሚሊግራም በየ4 ሰዓቱ ለ21 ቀን እንሰጣለን። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቀስቅሼ የማውጣቸው እኔ ነኝ፣ ይሰድቡኛል። የሰደበኝ ሰው ደስ ይለኛል። ዝም ያለኝ ነው የሚያስፈራኝ።

ጎርናና
ድምፄን አጥቼ ያገኘሁ ሰው ነኝ። በአንገት በስተጀርባ ወደ አንጎል በሚወጣው ደም ቅዳ ላይ፣ ወደ ትንሹ አንጎል የሚሄደው ቅርንጫፍ የሚነሣበት ቦታ ግድግዳው ተሰንጥቆ ያበጠ አኑሪዝም ነበረብኝ። የግራና የቀኝ እኩያ ቅርንጫፎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ቦታ ላይ እርስ በርስ ሰፉልኝና የታመመውን ዘጉት። ከዚያ መዋጥ አቃተኝ፤ 5 ሳምንት በቱቦ ነው የተመገብኩት። ውኃ ከጠጣር ይልቅ ይከብድ ነበር፤ ማን ያምናል። ድምፄ 8 ወር ወሰደ፣ ስሜ ከዚያ የመጣ ነው። አሁን እዘፍናለሁ፣ ቤተሰቤ ግን ባይፓሱ አልተሳካም ይላል።

ሰንበሌጥ
ጎርናና፣ ከልቤ ሳቅሁ።

ባይፓስ ያለው አንደኛው ሐኪም ዘንድ ነገ ተመልሰን እንገባለን። ምን ልጠይቅ? «ስንት ሠርተሃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው አይደል?

ቀጭን ክር
ምን ነውር አለው! ልብስ ሰፊ እንኳ ይጠየቃል።

ሰባተኛ ፎቅ
ነውር አይደለም። ለባይፓስ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ እሱ ነው፣ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ያሳርጊል የሚባል ቀዶ ሐኪም ዙሪክ ላይ የመጀመሪያውን የራስ ቆዳ ደም ሥር ከአንጎል ደም ሥር ጋር የሰፋው በ1967 ነው። ከዚያ ዓለሙ ሁሉ ለስትሮክ መከላከያ ብሎ ይሠራው ጀመር። በ1985 1,377 ሕሙማን ያሉበት ጥናት ወጣና ለዚያ ዓላማ እንደማይጠቅም አሳየ። ቀዶ ሐኪሞች ተዉት። ጥናቱ የተሠራው ለተዘጋ ደም ሥር እንጂ ለአኑሪዝም አልነበረም፤ ግን ልምምዱ አብሮ ቀረ። ቀጥሎ ኮይል መጣ። ኮይሉን የፈለሰፈው ጉሊየልሚ የመጀመሪያውን ሰው ያከመው በ1990 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተራው አኑሪዝም ወደ ካቴተር (በብሽሽት ወደሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሄደና እኛ ዘንድ የሚደርሰው ካቴተሩ ያልቻለው ብቻ ሆነ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰለሽ? ኬዞቹ ከበዱ፣ የሚሠራባቸው እጅ ግን አነሰ። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ እውነተኛ ባይፓስ ያየሁት ሰባት ጊዜ ነው፤ በላብራቶሪ በዶሮ ክንፍ ደም ሥር ላይ ግን ከመቶ በላይ ሰፍቻለሁ። ክሩ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ሲተነፍሱበት ይበርራል።

ስለዚህ «ባይፓስ በዓመት ስንት ትሠራለህ፣ ከተሠሩት ስንቱ ክፍት ቆየ፣ ስንቱ ስትሮክ ሆነ» በይው። በጥናት ላይ ያለውን ሳይሆን የራሱን። «የደም ሥር ሐኪሙስ ፊልሙን አብሮህ አይቶታል?» በይ። ሁለቱ አንድ ላይ ካላዩት ምክሩ ግማሽ ነው። «ደም ሥሩ ለጊዜው ሲዘጋ ንግግሩን በምን ትከታተላላችሁ?» ይህንንም አትርሺ። የማይመልስ ቀዶ ሐኪም ካጋጠመሽ፣ እሱም መልስ ነው።

የመዝጋት ሐሳቡ ራሱ አዲስ እንዳይመስልሽ። ጆን ሃንተር የሚባል ቀዶ ሐኪም በ1785 ከጉልበት በስተጀርባ ላለ አኑሪዝም ደም ሥሩን ከወደ ምንጩ አሰረው። የካናዳው ቻርልስ ድሬክ ማንም የማይደፍራቸውን የኋለኛው ዝውውር ጃያንቶች በዚያው መንገድ አክሟል። አንጎል ግን እንደ እግር አይደለም፣ ቅያሪ መንገድ ከሌለው የሚታገሠው በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው። ለዚህ ነው መጀመሪያ መስፋት፣ ከዚያ መዝጋት።

ማስረጃ አምጡ
እኔም አንድ ልጨምር፣ ስድብ አይደለም። «ስቴንት አይሆንም» ካለሽ ለምን እንደማይሆን ፊልሙ ላይ በጣቱ ያሳይሽ። ቅርንጫፉን ያሳይሽ።

ሰባተኛ ፎቅ
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እስማማለሁ።

ሰንበሌጥ
ሄድን። በጣቱ አሳየን። ከእብጠቱ ሆድ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ይነሣል፣ አንዱ ወደ ንግግር ይሄዳል፤ ስቴንቱ አንዱን ሲያድን ሌላውን ይሸፍናል። የደም ሥር ሐኪሙም እዚያው ተጠርቶ መጣና «እኔ ሳላየው የቀረሁት ይችን ቅርንጫፍ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ሰው አከበርኩት። ቀዶ ሐኪሙም በዓመት ከ10 እስከ 15 ባይፓስ እንደሚሠራ፣ ስትሮክ የገጠማቸውም እንዳሉ ሳይደብቅ ነገረን።

ጋሼ ዝም ብሎ ቆየና «የምፈርመው የት ነው?» አለ።

ሰንበሌጥ (ከ3 ሳምንት በኋላ)
ተሠራለት። ጠዋት ገብቶ ማታ ወጣ፣ 9 ሰዓት ተኩል ፈጀ። በጆሮ ፊት የሚያልፈውን የራስ ቆዳ ደም ሥር አውርደው በእብጠቱ ማዶ ካሉት ሁለት ቅርንጫፎች ጋር ሰፉ። ሲሰፉ አንጎሉ የታገሠው 26 ደቂቃ ነው። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም በደም ሥሩ ሰጥተው በማይክሮስኮፑ ሲያዩ መንገዱ በርቶ ታየ፤ ቪዲዮውን አሳይተውኛል። ጨለማ ውስጥ ነጭ ዛፍ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ይመስላል። እብጠቱ ግን አልበራም፣ ጨልሞ ቀረ።

ሲነቃ ቀኝ እጁ ከበደው፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ንግግሩ ነው ያስፈራኝ። የንግግር ቴራፒስቷ ማበጠሪያ አውጥታ «ይህ ምንድን ነው?» አለችው። ያውቀዋል። እጁን አንሥቶ ፀጉሩን ሲያበጥር አሳያት። ቃሉን ግን ፈለገው፣ ፈለገው፣ «ፀጉር... ማስተኛ» አለ። እሷ በትዕግሥት ጠበቀችው። ቁልፍ አወጣች። «የበር... የበር ልጅ።» እኔ ወደ ኮሪደር ወጣሁ።

ሌሊት ተረኛ
«የበር ልጅ» ብሎ መዞሪያ ካገኘ ተስፋ አለው። ቃሉ ጠፍቶ ሐሳቡ አለ ማለት ነው። ዝም ካለ ወይም የማይሆን ቃል በልበ ሙሉነት ከተናገረ ነበር የምሰጋው። አንቺ ግን ቃሉን ቀድመሽ አትንገሪው። እስኪያገኘው ጠብቂው፣ አሥር ቁጥር ቁጠሪ። ቤተሰብ ከፍቅሩ ብዛት እየቀደመ ያሰንፋቸዋል።

ቀጭን ክር
ኮሪደሩን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ እዚያው ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሰንበሌጥ (ከ5 ወር በኋላ)
ትናንት አንጂዮግራም ተነሣ። እብጠቱ ውስጥ ደም አይገባም፣ በሙሉ ረግቶ እየጠበበ ነው። ባይፓሱ ክፍት ነው፣ እንዲያውም ከበፊቱ ወፍሯል። አስፒሪን ይቀጥላል። ክሊፖቹ ቲታኒየም ስለሆኑ ኤምአርአይ መግባት ይችላል፣ ካርዱን ከመታወቂያው ጋር ይዞት ይዞራል።

ሐኪሙ ፋይሉ ላይ ራንኪን 2 ጻፈ። «ጥሩ ነው» አለን። ሌሊት ተረኛ፣ አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ እወጣ ነበር፤ አሁን ጠየቅሁት። «ሒሳብ ይሠራል?» አልኩት፤ ጋሼ የሒሳብ ሠራተኛ ነውና። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና «ቁጥር ይሠራል፣ በግማሽ ፍጥነት። ሙሉ ቀን አልመክርም። ከ6 ወር በኋላ እንደገና እንለካዋለን» አለ። በግማሽ ቀን ሊመልሱት መሥሪያ ቤቱ ተስማምቷል። ሲደክመው ቃላት ይሸሹታል፤ ስልክ ላይ ከፊት ለፊት ይልቅ ይከብደዋል። ከባለቤቱ ጋር መጨቃጨቅ ግን ጀምሯል፣ እሷም በደስታ እየነገረችኝ ነው።

ጋሼ ራሱ አንድ ነገር ልጻፍ ብሏል፣ ስልኬን ነጥቆኛል።

ሰንበሌጥ
ሰላም። ባለ ጉዳዩ እኔ ነኝ። ይችን ለመጻፍ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ እህቴ አጠገቤ ሆና አሥር እየቆጠረች ነው።

ቀጭን ክር የሚባሉት እናት፣ ቅርብ ማየት ስላቃተኝ ባለፈው ሳምንት መነጽር ታዘዘልኝ። የግራውን ክንድ አስወልቄ በክር አሥሬዋለሁ። መነጽር ሠሪው ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ቃሉ ጠፋብኝ፤ ጣቱን ይዤ እዚያው ትርታው ላይ አሳረፍኩለት። ደንግጦ እጁን አነሣ፣ ክሩን ግን ሳያስከፍለኝ ሰጠኝ።